ስቲል

ከወርቅ ቤቶቹ በላይ፣ ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
የጣውላ ደረጃ አለ፣ ሲረግጡት የሚሳቀቅ።
እዚያ ነው ጀርመንኛ የምንማረው፣ ሁልጊዜ ማክሰኞ ማታ፣
ጋውናችን በፌስታል፣ እንቅልፍ ዓይናችንን ሲመታ፤
አሥራ አንድ ነርሶችና ጋሽ መርዕድ፣ በድሮው ምሥራቅ ጀርመን
ሲሚንቶ ሊያጠና ሄዶ ቋንቋ ይዞ የመጣ፣ በዚያ ዘመን።

ባለፈው አንዲት ቃል ጻፈ፤ ትንሽ፣ ተራ የእንግሊዝ ቃል፤
«ስቲል» አለና ዞረ፣ «ይህቺን ማን ያውቃል?»
«ብረት ነዋ!» አለች ሩቅያ፣ እጇን ሳታወጣ፣ ፈጥና፣
«እታች ታፔላው ላይ ‹የስቲል በር እንሠራለን› ይላልና።»
ሳቅን። በፊደላችን እኮ እውነቷን ነው፤
ብረቱም ስቲል፣ ቃሏም ስቲል፤ ሲጻፉ ማን ይለያቸው?

ጋሽ መርዕድ ጠመኔውን በጣቶቹ እያሽከረከረ፣
«ብረቱ ‹ሽታል› ነው» ብሎ ጀመረ፣
«ይህቺ ግን ባለ ብዙ ፊት ናት፤ ተጠንቀቋት እባካችሁ።
‹አሁንም› ስትሆን ‹ኖኽ› ናት፤ ታክሲው አሁንም አልመጣ ሲላችሁ።
‹ቢሆንም› ስትሆን ‹ትሮትስዴም›፤ ደክሞኛል፣ ቢሆንም መጣሁ።»
ሁሉም አቀርቅሮ ጻፈ። እኔ ከሥሯ በቀይ ቀባሁ።
«‹ጸጥ ያለ› ስትሆን ግን ጀርመኑም ፊደሏን አይነካም፤
‹ሽቲል› ይላታል። ኮሽ የማይልበት ክፍል፤ ዝም ያለ ሐይቅ፤ ዝም።»

ደብተራችንን ከድነን ልንነሣ ስንል፣ «አንድ ግሥ ቀረችን፣
‹ሽቲለን›፤ ጡት ማጥባት ማለት ነው፤ የሚያለቅሰውን ዝም ማሰኘት» አለን።

እኔ እስክሪብቶዬን የጣልኩት እዚህ ላይ ነው።

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ማዋለጃው ክፍል ነበርኩ፤
ጦይባ አልጮኸችም፤ «ጩኺ፣ ይወጣልሻል» ብዬ ለመንኩ።
ልጁ መጣ። ሙሉ ነው። ጥፍር አለው። የአባቱ ግንባር አለው።
ለቅሶ ብቻ ነው የሌለው።
ካርዱ ላይ «ስቲል በርዝ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ከጎኑ፤
ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ እንደ ደም ግፊት፣ እንደ ቀኑ።

ጋሽ መርዕድን ደረጃው ላይ ጠየቅኩት፣ በእነሱ ምን ይባላል ብዬ። ለአፍታ አልመለሰልኝም፤
ኮፍያውን አወለቀ። «‹ቶትጌቡርት›። የሞት ልደት። እዚህ ላይ አያለሳልሱም።»

የእኛውም አያለሳልስም፤ ሞቶ ተወለደ እንላለን፤
መሞቱን አስቀድመን፣ መወለዱን እናስከትላለን።
የእንግሊዙን ግን፣ በቀይ እንደቀባሁት ባነበው፣
ቢሆንም፣ ልደት ነው።

ቸርችልን ቁልቁል ወረድኩ። አዲሱ መብራት በርቷል፤
ከኋላዬ ግማሹ ፒያሳ ፈርሷል።
አንድ ዘበኛ ቆርቆሮ አጥሩን ተደግፎ ሬዲዮ ይሰማል፣
ድምፁን ቀንሶ።

ጦይባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ግፊቷ አልወርድ ብሎ አልሸኟትም፤
ቢጃማዋ ደረቱ ላይ ሁለት ቦታ ርሷል፤ ልትደብቀው አልሞከረችም።
«ሲስተር፣ አሁንም ይመጣል» አለች።
አሁንም። ኖኽ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ መልሱ ነው የጠፋኝ።
ማድረቂያ ክኒኑን አወጣሁ፤ ውሃም ቀዳሁ።
«ተይው» አለችኝ፤ «የመጣው ለእሱ ነው፤ ዛሬን ይምጣ፤
ነገ እውጠዋለሁ።»

ክኒኑን ወደ ኪሴ መለስኩ። ቅዳሜ ፈተና አለ፤ በቃሏ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ይላል።
የአልጋዋን ብረት ይዤ ቆምኩ። ብረቱ ይቀዘቅዛል።
ከማዶው ክፍል አንድ ሕፃን አለቀሰ፤
እሷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቢጃማው እንደገና ራሰ።